ሕፃኑ ሌሊት አልተኛ ሲል

(በካምፑ ሬዲዮ ከቀረበው የጤና ትምህርት በጽሑፍ የተዘጋጀ)

በዛሬው የጤና ዝግጅታችን የምንነጋገረው ስለ ጨቅላ ሕፃናት እንቅልፍ ነው። ርዕሱን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ። ልጆቻቸውን ለማስከተብ የሚመጡ እናቶች «ልጄ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም፣ ምን ልስጠው?» እያሉ ደጋግመው ጠይቀውናል። ጥያቄው አጭር ቢመስልም በውስጡ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው «ለምን አይተኛም?» የሚለው ሲሆን ሁለተኛው «ምን ልስጠው?» የሚለው ነው። ሕፃናትን ለአደጋ የሚዳርገው ሁለተኛው በመሆኑ ከእሱ እንጀምራለን።

ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ዴም ሠፈር በምኖርበት ጊዜ አንዲት የአገራችን ልጅ ጎረቤቴ ነበረች። ቀን ሰው ቤት ትሠራለች፤ የአራት ወር ልጇን ለጓደኛዋ ትታ ትሄዳለች። ልጁ ቀን ተኝቶ ይውልና ሌሊት እናቱን ሲያገኝ ዓይኑ አይከደንም። በጠዋት ሥራ የሚጠብቃት ሰው ምን ታድርግ? ከአንድ ሰይደሊያ ሄዳ ለሳልና ለአለርጂ የሚሰጥ ሽሮፕ ገዛች። ሻጩም «ትንሽ ያስተኛዋል» ብሎ ሰጣት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተኛላት። ከዚያ አንድ ማታ ልጁ አልቅሶ አልበቃው ሲል አንድ ማንኪያ የነበረውን ሁለት አደረገችው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጡቷ ሞልቶ ሕመሙ ቀሰቀሳት እንጂ ልጁ አልቀሰቀሳትም። «እትዬ፣ ልጄ አልነቃ አለኝ» እያለች በሬን መታች። ልጁ እንደ ጨርቅ ተዝለፍልፏል፤ ትንፋሹ አንዴ ይመጣል፣ ቆይቶ ሌላ ይመጣል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። በርክሻ ይዘነው ሮጥን። ኦክሲጅን ተሰጥቶት ከሦስት ቀን በኋላ ዳነ። እናቱ ያኔ ያለችኝን አልረሳውም፦ «ጸጥ ሲል ጊዜ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ይህን የምነግራችሁ ያችን እህት ለመውቀስ አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገችው። ነገር ግን ያ ሽሮፕ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ለአለርጂና ለጉንፋን ከሚሸጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ፕሮሜታዚን እና ክሎርፌኒራሚን የሚባሉት፣ እንቅልፍ ያመጣሉ። አዋቂን ሰው የሚያደነዝዝ መድኃኒት የሕፃኑን አእምሮ ትንፋሽ ማዘዙን እስኪረሳ ሊያደነዝዘው ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ፕሮሜታዚን ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እንዳይሰጥ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ምክንያቱም ትንፋሻቸው ቆሞ የሞቱ ሕፃናት ስለነበሩ ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞቱ። የዓለም የጤና ድርጅት በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ባወጣው ማስጠንቀቂያ አራት የሳልና የጉንፋን ሽሮፖችን የጠቀሰ ሲሆን፣ በውስጣቸው ለፋብሪካ ሥራ የሚውል መርዛማ ፈሳሽ ተገኝቷል። ከአራቱ አንዱ የፕሮሜታዚን ሽሮፕ ነበር። መድኃኒቱ በጠርሙስ ታሽጎ፣ የሕፃን ሥዕል ተለጥፎበት መምጣቱ ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ከ1840ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ማረጋጊያ» ተብሎ ለእናቶች ይሸጥ የነበረ አንድ ዝነኛ ሽሮፕ በውስጡ ሞርፊን ነበረው። በዚያም ብዙ ሕፃናት ተኝተው ቀርተዋል። እንግዲህ የደከማት እናትና «ያስተኛዋል» የሚል ነጋዴ ከተገናኙ ቆይተዋል ማለት ነው።

ከሽሮፑ ሌላ በየቤታችን የሚሰጡ ነገሮችም አሉ። አረቄ በጥጥ ነክሮ ማስጠባት፣ ጤና አዳም በጥብጦ መስጠት፣ ስኳር በውኃ፣ ቅቤ ማስዋጥ፣ ማር ማስላስ። አረቄው ልክ እንደ ሽሮፑ ትንፋሽ ያዳክማል፤ የስኳር መጠኑንም ከሕፃኑ ደም ውስጥ ያወርዳል። ማር አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ፈጽሞ አይሰጥም፤ በውስጡ ሊኖር የሚችለው ጀርም በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ ጡንቻ የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል። ቅቤም ወደ ሳንባ ሊገባና ሊያፍን ይችላል። ስለዚህ «ምን ልስጠው?» ለሚለው ጥያቄ መልሳችን አንድ ነው፤ ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ ከእናቱ ጡት በስተቀር ምንም አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ «በዚህ ሙቀት ውኃስ?» የሚል ይኖራል። የእናት ጡት ወተት ከመቶ 88 እጁ ውኃ ነው። ሙቀት ሲበረታ ደጋግሞ ይጥባ እንጂ ውኃ አይሰጠው፤ ውኃው ሆዱን ሞልቶ ወተቱን ያስቀረዋል፣ ተቅማጥም ያመጣበታል። ውኃ መጠጣት ያለባት እናቲቱ ነች።

የሕፃን እንቅልፍ እንዴት ያለ ነው?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ብዙ ወላጆች «አይተኛም» ሲሉን ልጁ በእርግጥ የሚተኛውን ሰዓት አንድ በአንድ እንቆጥራለን። ታዲያ ስንደምረው ብዙ ጊዜ ልጁ በቂ ሆኖ ይገኛል፤ ያልተኛችው እናቱ ነች። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከተወለደ እስከ 3 ወር ያለ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት፣ ከ4 እስከ 11 ወር ያለው ደግሞ ከ12 እስከ 16 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። ይህ የቀኑንም እንቅልፍ ይጨምራል። ልዩነቱ ሕፃኑ ይህንን ሰዓት ቆራርጦ መተኛቱ ላይ ነው።

የሚቆራርጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። የአራስ ልጅ ሆድ ትንሽ ናት፤ የጡት ወተት ደግሞ ቶሎ ይፈጫል። በመሆኑም በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። ሌሊት መጥባቱ የእናቲቱም ወተት እንዳይቀንስ ይረዳል። ሌላው ነገር፣ ሕፃን ሲወለድ ሌሊትና ቀንን አይለይም። በማሕፀን ውስጥ ጨለማው አንድ ነበር። በአእምሮው ውስጥ ያለው ሰዓት መሥራት የሚጀምረው በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር አካባቢ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ግማሽ ያህሉ እንቅልፉ የላላ እንቅልፍ ነው። በዚያን ጊዜ ፊቱን ያኮማትራል፣ ያቃስታል፣ እጁን ያወራጫል፣ ዓይኑንም ከፈት ያደርጋል። ያን ጊዜ ነቅቷል ብላችሁ ብታነሡት እናንተ ቀሰቀሳችሁት ማለት ነው። ጥቂት ታገሡት፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ተመልሶ ይተኛል።

ስለዚያች ጎረቤቴ ልጅም አንድ ነገር ልጨምር። እናቱ ቀን የማትኖርለት የሚጠባ ልጅ ቀኑን ተኝቶ ሌሊቱን ሲጠባ ማደሩ በብዙ ሠራተኛ እናቶች ቤት የሚታይ ነገር ነው። በሽታ አይደለም። ካርቱም ውስጥ በሰው ቤት ሥራና በሻይ ሽያጭ ኑሯቸውን ይመሩ የነበሩ ስንት እህቶቻችን በዚህ ተቸግረዋል! መፍትሔው ከሥራ ሲመለሱና ከመሄዳቸው በፊት በደንብ ማጥባት፣ በመካከሉም በንጹሕ እጅ አልቦ ንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ትቶ መሄድና በኩባያ ማጠጣት ነው።

ከካርቱም እስከዚህ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ካርቱም ላይ ተኩስ ሲጀመር አብዛኞቻችን ለበዓሉ ዶሮ ስንገነጥል ነበርን። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተው ታውቁታላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ወደ ማዳኒ ሄዳችሁ፣ በታኅሣሥ 2016 ማዳኒም ስትያዝ እንደገና ዕቃ ተሸክማችሁ ወደ ገዳሪፍና ወደ ከሰላ ተሰደዳችሁ። በመንገድ ላይ የተወለዱ ልጆች አሉ። ይህን የማነሳው እንቅልፍን ስለሚመለከት ነው። ካርቱም ውስጥ አቅም የነበረው ሙከይፍ፣ ያልነበረውም ማራዋሃ ነበረው፤ ሁለቱም የሌለው አንገሬቡን ሐውሽ ላይ አውጥቶ ይተኛ ነበር። አሁን በሸራና በሣር ራኩባ ውስጥ ነን። ቀን ላይ የጋለ ሸራ ማታም ቶሎ አይበርድም። ልጁ ደግሞ ላቡን ጠርጎ የሚገላበጥበት ጉልበት የለውም።

በሙቀት የሚነቃ ሕፃን ከሁሉ በፊት ልብሱ መታየት አለበት። የእኛ ልማድ አራስን ልጅ በነጠላና በጋቢ ጠቅልሎ ራሱንም መሸፈን ነው። ያ ለደጋ አገር ሌሊት ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር አንድ ስስ የጥጥ ልብስ ይበቃዋል። ሕፃን ሙቀቱን በብዛት የሚያስወጣው በራሱ በኩል ስለሆነ ኮፍያ አድርጎ አይተኛ። መሞቁን ለማወቅ እጁንና እግሩን አትንኩ፤ እነሱ ቶሎ ይቀዘቅዛሉ። ማጅራቱን ወይም ደረቱን ዳስሱ። ላብ ካለው ወይም ከጋለ አንድ ልብስ አውልቁለት። ማታ በለብ ባለ ውኃ ገላውን ማጠብ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ማበስም ይረዳል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ሲበርድ ግን ደርብ አድርጉለት፤ ፊቱን ሳትሸፍኑ።

ዓይን እንዳያይብኝ፣ ሀቡቡም እንዳይገባበት እያላችሁ ፊቱን የምትሸፍኑት እናቶች ብዙ ናችሁ። አሳባችሁ ይገባናል። ሀቡብ ሲነሣ ልጁን ይዞ ወደ ውስጥ መግባትና በሩን መዝጋት እንጂ በፊቱ ላይ ጨርቅ ማድረግ አይገባም። ፊቱ የተሸፈነ ሕፃን የራሱን የተቃጠለ አየር መልሶ ይተነፍሳል፤ ጨርቁን ለማንሣት እጁ አይታዘዝለትም። በአንቀልባ ስታዝሉትም አፍንጫው ክፍት መሆኑን እየዞራችሁ እዩ።

አንድ ጊዜ ልብ በሉልን፤ የሚከተለው ነገር የልጅን ሕይወት ያድናል። ሕፃን በቀንም በሌሊትም በጀርባው ይተኛ። ብዙ እናቶች «በጀርባው ከተኛ ትውከት ያንቀዋል» ይላሉ። ቀድሞ ሐኪሞችም እንደዚያ ያስቡ ነበር፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ሕፃናት በሆዳቸው እንዲተኙ ይመከር ነበር። ብዙዎቹም ሳይታመሙ በተኙበት ሞተው ይገኙ ጀመር። ጥናቱ መጥቶ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1991፣ አሜሪካም በ1994 «በጀርባ አስተኙ» የሚል ዘመቻ ከጀመሩ በኋላ በዚህ መንገድ የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀነሰ። መድኃኒት የለ፣ ወጪ የለ፤ አተኛኘት ብቻ። በጀርባው የተኛ ጤነኛ ልጅ ሲያስመልሰው ራሱን አዙሮ ያወጣዋል። አደጋው የሚበዛው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር ነው። ራሱ መገላበጥ ከቻለ በኋላ በጀርባው ታስተኙታላችሁ፣ ሌሊት ቢገለበጥ መመለስ አያስፈልግም።

የት ይተኛ? ለብቻው አልጋ አዘጋጁለት ብንላችሁ ትስቁብናላችሁ። በአንዲት ራኩባ አምስትና ስድስት ሆነን ነው የምናድረው። መሬት ላይ እንዳይሆን ጊንጡና እባቡ አለ። አንገሬቡ ደግሞ ገመዱ ሲላላ መሐሉ ይሰረጉዳል፤ ልጁ ተንከባልሎ እናቱ ሥር ይገባል። ስለዚህ የምንለው ይህን ነው። ገመዱን አጥብቁ፤ በላዩ ሰሌን ወይም የማይሰረጉድ ፍራሽ አንጥፉ። አንገሬቡን ከግድግዳው ጋር አታስጠጉ፤ በመካከሉ ያለው ክፍተት ውስጥ ልጅ ይቀረቀራል። ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ ከሕፃኑ አጠገብ ይራቅ። ልጁ በእናቱ በኩል ይተኛ እንጂ በታላላቆቹ ልጆች መካከል አይተኛ። አባት ወይም እናት ጠጥተው ከሆነ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ወስደው ከሆነ ወይም የሚያጨሱ ከሆነ ከሕፃኑ ጋር በአንድ መኝታ አይተኙ። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ሲወለድ ከሁለት ኪሎ ተኩል በታች የነበረ ልጅም በአጠገብ እንጂ በአንድ መኝታ ላይ ባይሆን ይመረጣል። ሰፊ ቅርጫት ወይም ጥልቀት ያለው የካርቶን ሣጥን ታጥቦ፣ ጨርቅ ተነጥፎበት ከእናቱ አጠገብ ሲቀመጥ ጥሩ መኝታ ይሆናል።

በዚህ ሁሉ ላይ አጎበሩ አይረሳ። በወባ አገር ሕፃን የሚነቃው በትንኝ ንክሻ ከሆነ እንቅልፉ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። አጎበሩን ከፍራሹ ሥር ወተፍ ወተፍ አድርጉ፤ ጊንጡንም ይከለክላል። ከዝናቡ በኋላ ባሉት ወራት በተለይ ተጠንቀቁ። ሱዳን በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ በገዳሪፍና በብሉ ናይል ክልሎች ለሕፃናት የወባ ክትባት መስጠት ጀምራለች፤ ለልጃችሁ መድረስ አለመድረሱን የክትባት ሠራተኛውን ጠይቁ። ከሰል የተቀመጠበት ምድጃም ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ወደ ውጪ ይውጣ። ቡናው አልቆ ፍሙ ቀርቷል ብላችሁ አትተዉት፤ ሽታ የሌለው ጭስ ነው የሚገድለው። ዕጣኑንም ቢሆን አራስ ካለበት ቤት ቀነስ አድርጉ።

ሌሊቱ ሌሊት፣ ቀኑ ቀን ይምሰል

ጠዋት ሲነጋ ልጁን ወደ ብርሃን አውጡት፤ ቀን ሲጠባ አጫውቱት፣ አናግሩት። ቀን ስለተኛ ጸጥታ ይሁን ብላችሁ ሰፈሩን ዝም አታሰኙ። ሌሊት ግን ባትሪውን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ሳትጫወቱ፣ አጥብታችሁ ወዲያው መልሳችሁ አስተኙት። ማታ ማታ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይኑራችሁ። ለምሳሌ ገላውን አብሳችሁ፣ ልብሱን ቀይራችሁ፣ አጥብታችሁ፣ «እሹሩሩ» ብላችሁ ታስተኙታላችሁ። በሁለት ሦስት ሳምንት ልጁ ያውቀዋል። ድንኳኑ ቢቀየርም፣ ካምፑ ቢቀየርም ይህችን ቅደም ተከተል ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ለሚንከራተት ልጅ ትልቅ ነገር ናት። በስምንትና በዘጠኝ ወሩ ጥሩ ይተኛ የነበረ ልጅ እንደገና ሌሊት መንቃት ቢጀምር አትደንግጡ። በዚያ ዕድሜ እናቱ ከአጠገቡ መሄዷን ማወቅ ይጀምራል፤ ዳስሷችሁ ሲያገኛችሁ ይተኛል።

ሌሊት ቶሎ እንዲጠግብ ብለው በሦስትና በአራት ወሩ ገንፎ የሚጀምሩለት አሉ። ገንፎ እንቅልፍ አይጨምርም፤ ተቅማጥ ግን ይጨምራል። ተጨማሪ ምግብ የሚጀመረው ስድስት ወር ሲሞላው ነው።

አንዳንድ ልጅ ደግሞ ሁሉ ነገር ተሟልቶለት፣ ጠግቦም፣ ደርቆም ያለቅሳል። በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ይጀምራል፣ በስድስተኛው ሳምንት ይብሳል፣ በሦስትና በአራት ወር ይተዋል። በተለይ አመሻሽ ላይ እግሩን ሰብስቦ ይጮኻል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። «ግግ አውጥቷል» ብሎ ድዱን የሚያስወጋ፣ «እንጥሉ ወርዷል» ብሎ የሚያስቆርጥ ግን ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት እየፈጸመ ነው። ደም ፈስሶ፣ ቁስሉ መርቅዞ፣ በመንጋጋ ቆልፍ የሞቱ ሕፃናት አሉ። ከዚያ የተረፈውም ልጅ ቢሆን ያቆመው በወጌሻው ምላጭ አይደለም፤ ጊዜው ደርሶ ነው። ወጌሻው ግን ገንዘቡን ተቀብሏል።

ልቅሶው በበዛ ጊዜ የእናት ልብ ይጠብባል። ባሏ የት እንዳለ የማታውቅ፣ ራሽኗ ያለቀ፣ ለራሷም ከተኩሱ ወዲህ እንቅልፍ የራቃት እናት «ልወረውረው ነበር» ብላ ስታለቅስ ሰምቻለሁ። እንደዚህ ሲሰማችሁ ልጁን በጀርባው አስተኙትና ከራኩባው ውጡ። ፊታችሁን ታጠቡ፣ ጎረቤት ጥሩ። ልጅ አሥር ደቂቃ በማልቀስ አይሞትም። በንዴት ያዝ አድርጎ መነቅነቅ ግን አንዴ ብቻ ቢሆንም አእምሮውን ያደማል፤ ይገድላል፣ ወይም ዓይኑን ያጠፋል። አባቶች፣ አያቶች፣ ጎረቤቶችም ሕፃኑን ለአንድ ሰዓት ተቀበሏት። በአገራችን አራስ ብቻዋን አትተውም ነበር። ከወለደች ሁለት ሳምንት አልፏት ሐዘኑ ያልለቀቃት፣ ልጇን ማየት የጠላች ወይም ሞትን የምታስብ እናት ካለች ወደ ጤና ጣቢያው ይዛችኋት ኑ፤ ሕክምና አለው።

መቼ በፍጥነት እንሂድ?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጤነኛ ልጅ ነው። የሚከተሉትን ስታዩ ግን ሌሊት ነው፣ ይነጋል አትበሉ። ልጁ ጡት መያዝ ካቃተው፤ የጠባውን ሁሉ ካስመለሰ፤ ከተንዘፈዘፈ፤ ከሰውነቱ ሙቀት ከተሰማችሁ ወይም ያለወትሮው ከቀዘቀዘ፤ ሲተነፍስ የጎኑ ሥር ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፤ የራሱ ርግብግቢት ካበጠ ወይም ከጎደጎደ፤ ወዲያው አምጡት። ትንፋሹን ቁጠሩ። ልጁ ጸጥ ባለበት ጊዜ ልብሱን ገልጣችሁ፣ በስልክ ሰዓት አንድ ሙሉ ደቂቃ የደረቱን መነሣት ቁጠሩ። ሁለት ወር ያልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያታልለው የሚያለቅሰው ልጅ ሳይሆን ዝም ያለው ነው። የወትሮው ሰዓት ደርሶ ለመጥባት ያልነቃ ልጅ ቢኖር እግሩን ኮርኩሩት፣ ልብሱን አውልቁት፣ ጡት አስነኩት። ከነቃና ከጠባ መልካም። ካልነቃ፣ ወይም ነቅቶ ዓይኑ ፍዝዝ ካለ፣ እያጠባችሁ እየሞከራችሁ መጠበቅ የለም፤ ይዛችሁት ኑ። መድኃኒት ሰጥታችሁት ከሆነ ጠርሙሱን አብራችሁ አምጡ፤ ስንት ማንኪያ እንደሰጣችሁም ሳታፍሩ ንገሩን። ማንም አይቆጣችሁም። ያን ማወቃችን ሕክምናውን ያፈጥነዋል።

በሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅታችን ስድስት ወር ለሞላው ልጅ ከራሽኑ ማሽላና ምስር እንዴት ገንፎ እንደሚዘጋጅ እንነጋገራለን። እስከዚያው ደህና እደሩ።